«በሰዓት ስንት ይከፍላሉ?» ከማለትህ በፊት

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ ገና ስምንት ወሩ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር አፓርትመንት ተጋርቶ ይኖራል። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ ፓኬጅ ማድረስ ልጀምር ነው» አለኝ። «አንዱ በሰዓት 21 ዶላር አለኝ፣ አንዱ በቀን 170 አለኝ፣ ሌላው ደግሞ በራስህ መኪና ሥራ፣ አለቃ የሚባል ነገር የለብህም አለኝ። የቱ ይሻለኛል?»

ባንድ ቃል ልመልስለት ፈልጌ አልቻልኩም። አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን የማውቀው ሌላ ልጅ ደውሎ ይህንኑ ጠየቀኝ። ሁለቴ ካወራሁት ለምን አልጽፈውም ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ዲሲና አካባቢው ላይ ከእኛ በፊት የመጡት ታክሲ ነዱ፣ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሠሩ። ቀጥሎ ኡበር መጣ። አሁን አዲስ የመጣ ሰው መንጃ ፈቃዱን ካወጣ በኋላ መጀመሪያ የሚሰማው ስለ ፓኬጅ ነው። ቋንቋ ብዙ አይጠይቅም። ስልኩ መንገዱን ይነግርሃል፣ አንተ ትነዳለህ፣ ታደርሳለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ። ለብዙ ልጆቻችን የመጀመሪያውን የቤት ኪራይ የከፈለላቸው ይህ ሥራ ነው። እኔንም አብልቶኛል፤ አላማርርበትም።

ሰባት ዓመት ሠርቼበታለሁ። መጀመሪያ በራሴ መኪና፣ በአፕ። ከዚያ የአንድ ኮንትራክተር ቫን እየነዳሁ ሁለት ዓመት። አሁን ዩኒየን (የሠራተኞች ማኅበር) ያለበት ትልቅ ድርጅት ውስጥ ነኝ። የሠራሁባቸውን ቤቶች ስም አልጠራም። የድርጅት ስም የምጠራው ለሁሉም የታወቀ ነገር ስናገር ብቻ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት ዋናው ነገር ይህ ነው። «በሰዓት ስንት?» የሚለውን መጨረሻ ላይ ጠይቅ። መጀመሪያ «መኪናው የማን ነው?» በል። ቀጥሎ «ብወድቅ ማን ያሳክመኛል?» በል። የእነዚህን መልስ ሳታውቅ 21 ዶላር ይሁን 25 ዶላር ምንም አይነግርህም።

በራስህ መኪና ከሚሠራው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። በ2025 ዋጋ ላስላው። የአራት ሰዓት ብሎክ፣ ማለትም በአፑ ላይ አስቀድመህ የምትይዘው ፈረቃ፣ በ84 ዶላር ያዝክ እንበል። በሰዓት 21 ነው፣ ጆሮ ላይ ጥሩ ይመስላል። ከቤትህ እስከ ጣቢያው፣ ከጣቢያው ሰፈር ለሰፈር፣ ከዚያ ወደ ቤትህ ስትመለስ 62 ማይል ነዳህ። እኔ ከዚያም በላይ የነዳሁባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ። የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ ለ2025 ለሥራ ለተነዳ ለእያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ወጪ ነው ብሎ ይቆጥርልሃል። ቁጥሩ ቤንዚኑን፣ ጎማውን፣ ዘይቱን፣ ኢንሹራንሱን፣ መኪናው ባረጀ ቁጥር የሚያጣውን ዋጋ ሁሉ የያዘ ነው። 62 ማይል በ70 ሳንቲም 43 ዶላር ከ40 ይመጣል። እጅህ ላይ የቀረው 40 ዶላር ከ60 ነው። ለአራት ሰዓት ስታካፍለው 10 ዶላር ከምናምን። የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ2025 ስንት ነበር? 12 ዶላር ከ41። ወንዙን ተሻግረህ ዲሲ ብትገባ ደግሞ በጁላይ 2025 17 ከ95 ሆኗል።

ወደ ጣቢያው የሄድክበትና የተመለስክበት ጊዜ ገና አልተቆጠረም። ጊዜው የራስህ ነው፤ ማንም አይከፍልህም።

እውነት ነው፣ ቁጠባ የሌለው ሰው የጎማውን እርጅና ዛሬ አያየውም። ማታ አካውንቱ ላይ 84 ዶላር ገብቶ ያያል። እኔም እንደዚያ ነበር የማየው። አንድ ዓመት ከአራት ወር ያህል ገንዘብ እየሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ የቶዮታዬ ካምቢዮ ሄደ። መካኒኩ ዋጋውን ሲነግረኝ በሦስት ወር ውስጥ ያጠራቀምኩት ተጠራርጎ ወጣ። መኪናዬን እየበላሁ እንደኖርኩ የገባኝ ጋራዡ ውስጥ ቆሜ ነው።

ታክሱም አለ። በአፕ ስትሠራ የሚላክልህ ወረቀት 1099 ነው። ሠራተኛ አይደለህም፣ ለራስህ የምትሠራ ነጋዴ ነህ ማለት ነው። ተቀጣሪ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ይቆረጥበታል፣ ቀሪውን 7.65 ቀጣሪው ይከፍልለታል። አንተ ግን ሁለቱንም ራስህ ነህ የምትከፍለው፣ 15.3 በመቶ ነው። ከየሳምንቱ ላይ አንሥተህ ካላስቀመጥክ ታክስ በሚከፈልበት ኤፕሪል ላይ ዱብ ዕዳ ይሆንብሃል። ስለዚህ በዚህ መንገድ የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ የማይል መዝገብ ያዙ። ጠዋት ስትነሡ የኦዶሜትሩን ፎቶ፣ ማታ ስትገቡ የኦዶሜትሩን ፎቶ። ያ የ70 ሳንቲም ሂሳብ ከገቢያችሁ ላይ ሲቀነስ ታክሱን በጣም ያቀልላችኋል። ሳይመዘግቡ ቀርተው ለመንግሥት የማይገባውን የከፈሉ ስንቶችን አውቃለሁ።

ለመኪናችሁ ኢንሹራንስም ደውላችሁ ጠይቁ። ብዙው የግል ፖሊሲ መኪናዋ ለዴሊቨሪ ስትሠራ ለደረሰ አደጋ አይከፍልም። ሥራ ላይ እያላችሁ የራሱን ሽፋን የሚሰጥ አፕ አለ፣ የማይሰጥም አለ። ከመጀመራችሁ በፊት እወቁት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ፤ ብትወድቅ ወደሚለው። አንድ ጃንዋሪ፣ ማናሰስ አካባቢ፣ መሽቷል። ውጭ ያለው ደረጃ በረዶ ይዞ ነበር፣ መብራቱም አይሠራም። ሁለት ካርቶን በግራ እጄ አቅፌ ስወርድ... አይ፣ ስወጣ ነው፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ እግሬ ከዳኝ። በቀኝ እጄ ነው ያረፍኩት። ድምፁን ሰማሁት። በረዶው ላይ ተቀምጬ ስልኬን በግራ እጄ አውጥቼ ለአፑ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ ያላደረስኳቸውን 11 ፓኬጆች ወደ ጣቢያ እንድመልስ የሚል ነበር። ባንድ እጄ እየነዳሁ መለስኩ። አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። ሰባት ሳምንት ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። ሠራተኛ ስላልሆንኩ ሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው የሚከፈለው ካሳ ለእኔ አልነበረም። የኪራዬን ግማሽ የሸፈነችልኝ ዕቁባችን ናት፤ ተራዬ ሳይደርስ ሰጡኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ሰው «አለቃ የለብህም» ሲልህ ይህንንም አብሮ አስበው። አለቃ የሌለው ሰው ሲሰበር የሚጠይቀው የለውም።

እጄ ሲድን ወደ ቫን ሄድኩ። ይህ ብዙዎቻችሁ መንገድ ላይ የምታዩት ሥራ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልቁ ድርጅት በቀጥታ አይቀጥርህም። አንድ አነስተኛ ኮንትራክተር 20 ወይም 40 ቫን ይዞ ከትልቁ ጋር ይዋዋላል፤ አንተ የኮንትራክተሩ ሠራተኛ ነህ። አማዞን ይህን አሠራር በ2018 ነው የጀመረው፤ ኮንትራክተሮቹን ዲኤስፒ ይላቸዋል። በሴፕቴምበር 2024 ለእነዚህ ሹፌሮች በአገር አቀፍ ደረጃ አማካዩ ክፍያ በሰዓት 22 ዶላር አካባቢ እንደሚደርስ አስታውቋል። ፌዴክስ ግራውንድም በኮንትራክተር ነው የሚያሠራው።

ጥሩ ጎኑን አስቀድሜ ልናገር። መኪናው የነሱ ነው፣ ቤንዚኑ የነሱ ነው። ታክሱ ከቼክህ ላይ ተቆርጦ ነው የሚደርስህ፤ ወረቀትህ የተቀጣሪው፣ ደብልዩ 2 ነው። ሥራ ላይ ብትጎዳ ካሳ አለ። ከ40 ሰዓት በላይ ከሠራህ በሕግ አንድ ተኩል እጥፍ ይገባሃል። በራሴ መኪና ከሠራሁበት ጊዜ ጋር ሳወዳድረው፣ በሰዓት የሚከፈለኝ ቁጥር ያው ሆኖ፣ በወሩ መጨረሻ እጄ ላይ የሚቀረው በግልጽ ይበልጥ ነበር።

ክብደቱ ያለው ሥራው ላይ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ጣቢያ እንገባለን። ቫኖቹ በረድፍ ይቆማሉ፣ ጭነቱ በጋሪ ይመጣል። 18 ከረጢት፣ ሌላ 30 የሚሆን ከረጢት ውስጥ የማይገባ ትልቅ ካርቶን። ይህን ሁሉ ለመጫን 20 ደቂቃ ነው ያለህ። በቅደም ተከተል ካልደረደርከው ቀኑን ሙሉ ትቀጣለህ፤ በየቤቱ ደጃፍ ቆመህ ካርቶን ስታገላብጥ ትውላለህ። ከዚያ 180 ስቶፕ፣ ቆመህ የምታደርስበት ቤት ማለት ነው፣ አለ። አሥር ሰዓት 600 ደቂቃ ነው። ለምሳ 30፣ ለመጫኛ 20፣ ከጣቢያ ለመሄድና ለመመለስ 40 ቀንስ። 510 ደቂቃ ይቀርሃል። ለ180 አካፍለው። ለአንድ ቤት ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በዚያ ውስጥ ታቆማለህ፣ ፓኬጁን ትፈልጋለህ፣ ስካን ታደርጋለህ፣ ሦስተኛ ፎቅ ትወጣለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ፣ ትወርዳለህ፣ ወደሚቀጥለው ትነዳለህ። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ውስጥ ያሉት የድሮ አፓርትመንቶች ሊፍት የላቸውም። ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሰው ሁለት ካርቶን የታሸገ ውሃና የድመት አሸዋ ሲያዝ ያው ሦስት ደቂቃ ነው።

አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ በር አንኳኳሁ፤ ፊርማ የሚያስፈልገው ፓኬጅ ነበር። ነጠላ የለበሱ እናት ከፈቱልኝ። የቡናው ጭስ ከነእጣኑ ኮሪደሩን ሞላው። ፊቴን አዩና «አበሻ ነህ እንዴ?» አሉኝ። «አዎ እማማ» አልኳቸው። «በል ግባ ልጄ፣ ቡናው ደርሷል፣ አቦሉ ነው።» ሥራ ላይ ነኝ አልኳቸው። «አንዲት ሲኒ ጠጥተህ ብትሄድ ማን ምን ይልሃል?» አሉኝ። እጄ ላይ ያለው ስልክ 14 ስቶፕ ወደኋላ መቅረቴን እያሳየ ነበር። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ጫማዬን አውልቄ እስክገባ ሦስቱ ደቂቃ ያልቃል። ገብተው ድፎ ዳቦ በሶፍት ጠቅልለው ሰጡኝ። ትከሻዬን ስመው «እናትህ ብታይህ...» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት። ዳቦውን ቀይ መብራት እየጠበቅሁ በላሁት። የአበሻ ቤት ሄጄ ቡና እምቢ ብዬ የወጣሁት በሕይወቴ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሽንት ቤት ላንሣ፤ ሰው ያፍርበታል እንጂ የሥራ ሁኔታ ማለት ይህ ነው። በመኖሪያ ሰፈሮች ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስትነዳ ሽንት ቤት የለም። ነዳጅ ማደያ ፍለጋ ብትወጣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሄዳል፤ አምስት ስቶፕ ማለት ነው። በ2021 አማዞን ለአንድ የኮንግረስ አባል በትዊተር «ጠርሙስ ውስጥ ይሸናሉ የሚባለውን በእውነት ታምናለህ?» ብሎ ከመለሰ በኋላ፣ ሹፌሮች ሽንት ቤት ማግኘት እንደሚቸገሩ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ይህ የአንድ ድርጅት ችግር ብቻ አይደለም፣ ራሱም ያንን ብሏል። ለወንዱ ይህን ያህል ከከበደ ሴቷን አስቡ። አብራኝ ትሠራ የነበረች የአዲስ አበባ ልጅ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ጀምሮ ውሃ አትጠጣም ነበር። በጁላይ ሙቀት፣ ኋላው እንደ ምድጃ በሚግል ቫን። ኢንፌክሽኑ ኩላሊቷ ጋ ደርሶ ሆስፒታል ተኛች። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራው አልተመለሰችም።

ቫኑ ውስጥ ካሜራም አለ። አንዱ መንገዱን ያያል፣ አንዱ አንተን። ስልክ ብትነካ፣ ቀበቶ ሳታስር ብትንቀሳቀስ፣ የማቆሚያ ምልክት ላይ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም ብታልፍ ይመዘግባል። ለደኅንነት ነው ይላሉ፣ ለደኅንነትም ይጠቅማል፤ አደጋ ሲደርስ ሹፌሩን ነጻ ያወጣበት ጊዜ አይቻለሁ። ነገር ግን ያ ካሜራ ቀስ በል ሲልህ ስቶፑ ፍጠን ይልሃል፣ መሐል ላይ የምትቀረው አንተ ነህ።

«በቀን 170» ስለተባለው ደግሞ። ይህን በጣም ተጠንቀቁት። በቀን ሂሳብ የሚከፍሉ ኮንትራክተሮች ብዙ ናቸው። ቀኑ ስምንት ሰዓት ከሆነ በሰዓት 21 ዶላር ይሆናል። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሆነ 14 ነው። በኖቬምበርና ዲሴምበር ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት መሥራት ብርቅ አይደለም። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የሚነዳው መኪና 10,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ በቀን ሂሳብ ይከፈለው በሰዓት፣ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ ተቀጣሪ የፌዴራል ሕጉ ኦቨርታይም ይሰጠዋል። መኪናው ከዚያ ከከበደ ግን ቀጣሪውን ከኦቨርታይም ነጻ የሚያደርገው አንቀጽ ሊኖር ይችላል። ክብደቱ በሹፌሩ በር ውስጠኛ ጎን የተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በሩን ከፍተህ ፎቶ አንሣው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከለቀቅሁ በኋላ ነው። በየቀኑ የገባሁበትንና የወጣሁበትን ሰዓት በደብተሬ ብይዝ ኖሮ የምጠይቀው ገንዘብ ነበረኝ።

ቀጣሪህ ማን ነው የሚለው ጥያቄም ፍርድ ቤት ሲያመላልስ የኖረ ነው። ፌዴክስ ግራውንድ የካሊፎርኒያ ሹፌሮቹን ሠራተኞቼ አይደሉም፣ ኮንትራክተሮች ናቸው ሲል ቆይቶ በ2015 ክሱን ለመዝጋት 228 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ሹፌሮቹ መኪናውንም ዩኒፎርሙንም ከኪሳቸው ነበር የሚገዙት። በ2021 ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አማዞን የፍሌክስ ሹፌሮችን (በራሳቸው መኪና በአፕ የሚሠሩለትን) ቲፕ ሙሉውን አላስተላለፈም ብሎ ባቀረበው ክስ፣ ድርጅቱ ከ61 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲመልስ ሆኗል፤ ቼኩ ከ140,000 ለሚበልጡ ሹፌሮች ተልኳል። በካሊፎርኒያዋ ፓልምዴል የነበሩ የኮንትራክተር ሹፌሮች በ2023 ዩኒየን ሲያቋቁሙ አማዞን የእኔ ሠራተኞች አይደሉም አለ። በ2024 የፌዴራሉ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ የአካባቢው ኃላፊ፣ አማዞን ከኮንትራክተሩ ጋር የጋራ ቀጣሪ ነው የሚል አቋም ያዙ። እነዚህን የምጠቅሰው ልጆቻችን «እኛ እንግዶች ነን፣ ምን አፍ አለን» ሲሉ ስለምሰማ ነው። አፍ ያላቸው ሰዎች ጠይቀው ተመልሶላቸዋል።

እና ዩኒየን ያለበት ቤት? ልዩነቱ ሰፊ ነው። የሚታወቀው ምሳሌ የፓኬጅ ድርጅቱ ዩፒኤስ ነው። ሹፌሮቹ ቲምስተርስ የሚባለው ዩኒየን አባላት ናቸው። በ1997 185,000 ሠራተኛ 15 ቀን ሥራ አቁሞ ነበር። በ2023 ክረምት ደግሞ 340,000 የሚሆኑት ሥራ ሊያቆሙ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ስምምነት ተደረሰ፣ በኦገስት 86 በመቶ የሚሆኑ ድምፅ ሰጪዎች አጸደቁት። በዚያ ውል የሙሉ ጊዜ ሹፌር ከፍተኛው ክፍያ ውሉ በ2028 ሲያልቅ በአማካይ በሰዓት 49 ዶላር ይደርሳል። ከዚያ ጋር ወርኃዊ መዋጮ የሌለው የጤና ኢንሹራንስና ጡረታ አለ። ኦቨርታይም የሚቆጠረው በሳምንት ሳይሆን በቀን ነው፤ ከስምንት ሰዓት በላይ የሆነው ሁሉ። በዕረፍት ቀንህ ተገድደህ ግባ መባልም ቀርቷል። ከ2024 መጀመሪያ በኋላ የሚገዙት መኪኖች ኤር ኮንዲሽነር እንዲኖራቸው ተስማምተዋል፤ አሮጌዎቹ ግን ገና መንገድ ላይ ናቸው፣ በኦገስት ሙቀት ይህን አትርሱ።

ያው ፓኬጅ፣ ያው ደረጃ፣ ያው ሰፈር ነው። አንዳንዴ የሁለቱ መኪና በአንድ ሕንፃ በር ላይ ጎን ለጎን ይቆማል። አንደኛው የሌላኛውን ሁለት እጥፍ ያገኛል፣ ሲታመምም ይታከማል።

«ታዲያ ለምን ሁሉም እዚያ አይሄድም?» አለኝ የአክስቴ ልጅ። ልክ ነው። መልሱ በሩ ጠባብ መሆኑ ነው። አብዛኛው ሰው የሚገባው በመጋዘን ነው፤ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ መኪና እየጫነ፣ በፓርት ታይም። በ2023ቱ ውል የፓርት ታይም መነሻ 21 ዶላር ነው፣ ግን በቀን የሚረጋገጥልህ ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። በሳምንት 367 ዶላር ገደማ ከታክስ በፊት። በዚህ አሌክሳንድሪያ ውስጥ መኖር አይቻልም። ስለዚህ ሌላ ሥራ ጎን ለጎን ትይዛለህ። የሹፌር ቦታ ሲከፈት በሲኒዮሪቲ ነው፣ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወስዳል። ሹፌር ከሆንክ በኋላም ከፍተኛው ክፍያ ላይ ለመድረስ አራት ዓመት ይፈጃል። ይህን ሁሉ የሚችለው የሚያሳድረው ዘመድ ያለው፣ ኪራይ የማያጨናንቀው ሰው ነው። እኔም የቻልኩት ባለቤቴ በዚያን ጊዜ ቋሚ ሥራ ስለነበራት ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነሥቼ ስወጣ እሷ ልጁን እያባበለች ትሸኘኝ ነበር።

ደግሞም ጊዜው ልክ እንደ 2023 አይደለም። ዩፒኤስ በ2025 መጀመሪያ ላይ ከአማዞን የሚቀበለውን ጭነት ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አስታውቋል፣ በኤፕሪል ደግሞ 20,000 የሥራ ቦታ እንደሚቀንስና 73 ሕንፃዎች እንደሚዘጋ ተናገረ። ሲቀነስ መጀመሪያ የሚወጣው መጨረሻ የገባው ነው። ስለዚህ ዛሬ ለሚገባ ልጅ እኔ በገባሁበት ጊዜ የነበረውን ተስፋ መንገር ውሸት ይሆንብኛል። ሰው «አንተ ደርሰህ በሩን ልትዘጋብን ነው?» እንዳይለኝ እንጂ፣ እውነቱ ይህ ነው። አሁንም ግን ያለኝን ዕድሜ ይዤ ከዜሮ ብጀምር ወደዚያው ነበር የምሄደው።

ፖስታ ቤትም አለ፤ የመንግሥት ስለሆነ ቤኔፊቱ ጥሩ ነው። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ያመለክታል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ቋሚ ሳትሆን የምትሠራባቸው ስለሆኑ ሰዓቱ ከባድ ነው፣ እሑድም ያስገቡሃል። ሁለት ጓደኞቼ እዚያ ገብተው አንዱ ቆየ፣ አንዱ ለቀቀ።

የአክስቴ ልጅ እስከ ወሩ መጨረሻ 750 ዶላር ኪራይ አለበት። ለእናቱም ይልካል። ሁለት ዓመት ሌሊት እየጫነ ይጠብቅ ልለው አልችልም። ስለዚህ በሰዓት የሚከፍለውን ቫን ያዝ፣ የራስህን መኪና አታስነካ፣ በቀን ሂሳብ የሚለውን ሰውዬ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቀው አልኩት፤ «ቀኑ ስንት ሰዓት ነው?» በልና መልሱን ስማ። የጤና ኢንሹራንስ ከቼክህ ስንት እንደሚቆርጡም ጠይቅ። እኔ የነበርኩበት በሳምንት 58 ዶላር ይቆርጥ ነበር፣ ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። በሴፕቴምበር ደግሞ ዩኒየን ያለባቸው ቤቶች ለገና ሰሞን ሰው መቅጠር ሲጀምሩ አብረን እናመለክታለን፤ ለዚያ የመንጃ ሪከርድህ ንጹሕ ይሁን። አንድ ትኬት ሁለት ዓመት ሊያስጠብቅህ ይችላል።

ሐሙስ መልሶ ደወለ። የቀን ሂሳቡን ሰውዬ ጠይቆት «እስክትጨርስ ድረስ ነው» አለው። ተወው። የሰዓቱን ያዘ፣ ሰኞ ይጀምራል፣ አራት ቀን በሳምንት፣ በቀን አሥር ሰዓት። «ጋሼ፣ ጫማው ምን ዓይነት ይሁን?» አለኝ። ውሃ የማያስገባ፣ ሶሉ የሚይዝ፣ ግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ አልኩት፤ ማታ ላይ እግር ያብጣል። ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ እሄዳለሁ። ሳሎኑ ወለል ላይ ባዶ ካርቶን ደርድረን ከረጢቱን ከመጨረሻው ስቶፕ ጀምሮ ወደ በሩ እንዴት እንደሚጫን ላሳየው ተቀጣጥረናል። ሽሮውን እኔ አመጣለሁ፣ ቡናውን እሱ ያፈላል።